የብሌድ ራነር ዲስክ ላይ የሚነሳው ክርክር፦ ጥፋቱ የዲስኩ ነው ወይስ የቲቪው?

ስለ ሳይንስ ልብ ወለዱ ፊልም ስለ ብሌድ ራነር ዲስክ ተመልካቾች የሚሰጡትን አስተያየት ተከታትሎ ያነበበ ሰው ግራ መጋባቱ አይቀርም። አንዱ ከዚህ የጠራ የድሮ ፊልም የለም ይላል። ሌላው ጨለማ ነው፣ ምንም አይታይም ብሎ አንድ ኮከብ ሰጥቶ ይወጣል። ሦስተኛው ደግሞ የሃሪሰን ፎርድ ትረካ የት ገባ ብሎ ይቆጣል። ሦስቱም እውነታቸውን ሊሆን ይችላል፤ ያዩት ግን አንድ ነገር አይደለም። ስለዚህ ዲስኩን ከማመስገንም ከመውቀስም በፊት የትኛው ቅጂ እንደሆነና በምን ቲቪ እንደታየ መለየት ይቀድማል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።)

የሪድሊ ስኮት ፊልም በ1982 ሲኒማ ቤት ሲገባ የአሜሪካው ቅጂ ሁለት ነገር ተጨምሮበት ነበር፦ ዋናው ገጸ ባሕርይ ዴካርድ (ሃሪሰን ፎርድ) በድምፁ የሚተርክበት ክፍል እና ጥንዶቹ በመኪና ወደ አረንጓዴ ተራራ የሚሄዱበት ደስ የሚል መጨረሻ። ዓለም አቀፍ የተባለው ቅጂ ያው ሆኖ ጥቂት ደም የበዛባቸው ምቶች አሉት። በ1992 ዳይሬክተርስ ከት («የዳይሬክተሩ ቅጂ») ወጣ፤ ትረካውም ተራራውም ቀሩ፣ ባለ አንድ ቀንድ ፈረስ የምታሳየው አጭር ሕልም ገባች። ስሙ እንዲያ ይበል እንጂ ስኮት ማስታወሻ ሰጠበት እንጂ ከዳር እስከ ዳር አልተቆጣጠረውም። ሙሉ በሙሉ እጁ ያለበት በ2007 የወጣው ፋይናል ከት ነው። ዛሬ በፎር ኬ (ከብሉ ሬይ የበለጠ ጥራት ባለው ዲስክ) የሚሸጠው ይኸው ፋይናል ከት ብቻ ነው፤ የቀሩት ቅጂዎች ከብሉ ሬይ አላለፉም። ትረካውን ፈልጎ ፎር ኬውን ዲስክ የገዛ ሰው የተናደደው በዚህ ምክንያት ነው።

የያዛችሁት የትኛው እንደሆነ ሽፋኑ ካልነገራችሁ ፊልሙ ራሱ ይነግራችኋል። ዴካርድ ገና መንገድ ዳር ጋዜጣ ሲያነብ የራሱ ድምፅ ማውራት ከጀመረ የ1982ቱ ነው። ካልጀመረ ፖሊስ አለቃው ብራያንት ቢሮ ድረስ ጠብቁ። ያመለጡት ሬፕሊካንቶች (ሰው ሠራሽ ሰዎች) ስድስት ናቸው ይላል፤ በድሮዎቹ ቅጂዎች አንዱ በኤሌክትሪክ ተቃጥሎ ሞቷል ስለሚል አምስት መቅረት ነበረባቸው፣ ፊልሙ ውስጥ የሚታደኑት ግን አራት ብቻ ናቸው። ሰው ለዓመታት አምስተኛውን ሲፈልግ፣ ዴካርድ ራሱ ነው እያለ ሲከራከር ኖሯል። ፋይናል ከት ላይ የሞቱት ሁለት ናቸው ተብሎ ሒሳቡ ተስተካክሏል። «ሁለት» ከሰማችሁ ፋይናል ከት ነው ማለት ይቻላል፤ ከእሱ ሌላ እንዲህ የሚለው ለሙከራ የታየው የመጀመሪያ ቅጂ ነው።

ሌሎቹ ማስተካከያዎች ለዓይን ናቸው። በራሪዎቹን መኪናዎች የያዙት ገመዶች ጠፍተዋል። ከሚታደኑት አንዷ ዞራ መስታወት ሰብራ ስትሮጥ ድሮ ዊግ ያደረገች ተተኪ መሆኗ በግልጽ ይታይ ነበር፤ ተዋናይቷ ጆአና ካሲዲ ከ25 ዓመት በኋላ ተመልሳ ተቀርጻ ፊቷ ተተክቷል። መጨረሻው ላይ፣ ዝናብ በሚወርድበት ሌሊት፣ እርግቧ የምትበረው ወደ ጥርት ያለ ሰማያዊ ሰማይ ነበር፤ አሁን የጨለመ ከተማ ላይ ትወጣለች። እንዲህ ያለውን ማረም ታሪክ ማበላሸት ነው የሚሉ አሉ። እኔ አይመስለኝም፤ የድሮው ቅጂም አብሮ እስከተሸጠ ድረስ የጠፋ ነገር የለም።

ወደ ዋናው ቅሬታ እንምጣ፦ ጨለማው። ይህ ፊልም ሲቀረጽም ጨለማ ነው። የካሜራ ባለሙያው ጆርዳን ክሮነንዌዝ ክፍሎቹን በጭስ ሞልቶ ብርሃኑን ከኋላ ነው የለቀቀው፤ የሚታየው ሰው ሳይሆን የሰው ጥላና በመስኮት የሚገባው የብርሃን ጨረር ነው። ፎር ኬው ዲስክ ደግሞ በኤችዲአር (በጨለማውና በብርሃኑ መካከል ያለውን ልዩነት በሚያሰፋ አሠራር) የተሠራ ነው። ኤችዲአር ማለት ሁሉም ነገር ይደምቃል ማለት አይደለም፤ የእሳቱና የኒዮኑ ብርሃን ብቻ ከፍ እንዲል ሌላው በቦታው ይቀራል። ርካሽ ቲቪ ሣጥኑ ላይ ኤችዲአር ተብሎ ቢጻፍበትም ድምቀቱ ከ300 ኒት (የብርሃን መለኪያ ነው) ብዙም የማያልፍ ከሆነ ያንን ከፍታ ለማስተናገድ ጠቅላላውን ምስል ወደ ታች ይጎትተዋል። በእንዲህ ያለ ቲቪ ላይ ተራው ብሉ ሬይ ከፎር ኬው የተሻለ ቢታይ አይግረማችሁ።

መላው ይኸውና። መጀመሪያ ቲቪው ላይ ኃይል ቆጣቢውንና የክፍሉን ብርሃን እያየ ራሱን የሚያስተካክለውን ሴንሰር አጥፉ፤ «ምንም አይታይም» ከሚሉት ብዙዎቹ ችግራቸው እዚህ ያበቃል። ቀጥሎ ማጫወቻው የተሰካበት የኤችዲኤምአይ ወደብ ሙሉ ሲግናል እንዲቀበል ክፈቱት። ኤልጂ ላይ «ዲፕ ከለር»፣ ሳምሰንግ ላይ «ኢንፑት ሲግናል ፕላስ»፣ ሶኒ ላይ «ኢንሃንስድ ፎርማት» ይባላል፤ እንደ ሞዴሉ ስሙ ትንሽ ሊለያይ ይችላል። ገመዱ 18 ጊጋቢት የሚችል መሆን አለበት፤ ካልቻለ ምስሉ ብልጭ እያለ ይጠፋል ወይም ማጫወቻው ሳይነግራችሁ ኤችዲአሩን ይተወዋል። የምስል ሁነታውን «ፊልም ሜከር» ወይም «ሲኒማ» ላይ አድርጉ፤ ኤችዲአር ሲገባ ቲቪው የተለየ ሴቲንግ ስለሚይዝ የምታስተካክሉት ፊልሙ እየሄደ ሳለ መሆን አለበት። ይህን ሁሉ አድርጋችሁ አሁንም ከጨለመ ከማጫወቻው ሜኑ ገብታችሁ ኤችዲአሩን አጥፉና በኤስዲአር (በተራው የብርሃን አሠራር) እዩት። ነውር የለውም።

እንቅስቃሴ የሚያለሰልሰውንም (ትሩሞሽን፣ ሞሽንፍሎው፣ ፒክቸር ክላሪቲ) አጥፉ። ያ ካልጠፋ የ1982 ፊልም እንደ ድራማ ቀረጻ ሆኖ ይንሸራተታል፣ ዝናቡም በሰው ፊት ዙሪያ ይቀደዳል።

ስለ ግሬን የሚነሳው ደግሞ የባሰ አለመግባባት አለው። ምስሉ ላይ የሚርመሰመሰው ቅንጣት የዲስክ ጉድለት አይደለም፣ ፊልሙ ራሱ ነው። ለፋይናል ከት 35 ሚሊሜትሩ ኔጋቲቭ በፎር ኬ፣ የልዩ ትዕይንቶቹ 65 ሚሊሜትር ደግሞ በኤይት ኬ ስካን ተደርጓል፤ ስለዚህ የምታዩት እውነተኛ ፎር ኬ እንጂ የተነፋ አይደለም። የልዩ ትዕይንቶቹ ባለሙያ የዳግላስ ትራምቡል ቡድን ለከተማው ሞዴሎች 65 የመረጠው አንዱ ምስል በሌላው ላይ ሲደራረብ ጥራቱ እንዳይወርድ ብሎ ነው። ለዚህም ነው መክፈቻው ላይ እሳት የሚተፋው ሎስ አንጀለስ ሰዎች ከሚያወሩበት ክፍል ይልቅ ጥርት ብሎ የሚታየው። ቲቪው ላይ «ኖይዝ ሪዳክሽን» ካበራችሁ ግሬኑን ሲጠርግ የጭሱን ሽፋን አብሮ ይወስደዋል፤ የዴካርድ ፍቅረኛ የሬቸል ፊትም ሰም ይመስላል።

ዲስኩን ለመፈተን ከአንድ ትዕይንት በላይ አያስፈልግም፦ የሬፕሊካንቶቹ አምራች ታይረል ቢሮ ውስጥ ሬቸል ሰው መሆን አለመሆኗ የሚመረመርበት። መጀመሪያ ጉጉቱን ተመልከቱ። ዓይኑ ብርቱካናማ ሆኖ የሚያበራው በኮምፒውተር አይደለም፤ ከካሜራው ሌንስ ፊት በ45 ዲግሪ በተቀመጠ ከፊል መስታወት አማካይነት ደካማ ብርሃን ወደ ዓይኑ ተልኮ ነው። የሬቸልም ዓይን ለአፍታ እንዲያ ይላል። ቲቪው በትክክል ከተስተካከለ ጥቁሩ ሳይነጣ ያቺ ብልጭታ ብቻ ትለያለች፤ ኮንትራስቱ ከልክ ካለፈ ግን ዓይኑ ነጭ ነጠብጣብ ይሆናል። ከዚያ የመስኮቱ መጋረጃ ሲወርድ ወርቃማው ብርሃን እየሳሳ ይሄዳል። እዚያ ላይ እንደ ደረጃ የተቆራረጠ መስመር ካያችሁ ወደቡ 8 ቢት (ያነሱ የቀለም ደረጃዎች) ላይ ቀርቷል ማለት ነው፣ ወይም ፓነሉ አቅም የለውም። የሲጋራዋ ጭስ አራት ማዕዘን እየሆነ የሚሰባበር ከሆነ ደግሞ ዲቪዲ ወይም ኢንተርኔት ላይ የተጨመቀ ፋይል ነው የምታዩት፤ ጭስና ዝናብ ለመጭመቅ እጅግ አስቸጋሪ ናቸው።

ቀለሙ አረንጓዴ ነው የሚለው ቅሬታ ግን መሠረት አለው። ፋይናል ከት ሲቀለም ወደ አረንጓዴና ሰማያዊ ድብልቅ ተገፍቷል፤ የድሮው ይልቁን ወደ ሰማያዊ ያደላል። የቲቪውን የቀለም ሙቀት «ዋርም 2» ላይ አድርጋችሁ ካልለቀቀ የዳይሬክተሩ ምርጫ ነውና ተቀበሉት፣ ወይም የ1982ቱን ከብሉ ሬዩ እዩ።

ድምፁ ላይ የሚበዛው ወቀሳ የቫንጀሊስ ሙዚቃ ንግግሩን ዋጠው የሚል ነው። የፎር ኬው ትራክ ዶልቢ አትሞስ (ድምፅን ከዙሪያና ከላይ የሚያሰማ) ነው፤ በቲቪ ስፒከር ሲሰማ የመሃሉ ቻናል ከሌሎቹ ጋር ተጨፍልቆ ይወጣል። ሳውንድባር ካላችሁ ከቲቪው በኢአርክ (ድምፅን ከቲቪው ወደ ሳውንድባሩ በሚያሳልፈው አዲሱ የኤችዲኤምአይ ግንኙነት) ይገናኝ፤ ተራው አርክ ዲስኩ ላይ ያለውን ትሩኤችዲ (ጥራቱ ያልቀነሰ ድምፅ) ማሳለፍ አይችልም። ማጫወቻው «ቢትስትሪም» (ድምፁን ሳይፈታ እንዳለ የሚልከው) ላይ ይሁን፣ «ሰከንደሪ ኦዲዮ» ይጥፋ፤ ካልጠፋ ድምፁን ወደ ተራ ዶልቢ ይለውጠዋል። በቲቪ ስፒከር ብቻ የሚያይ ሰው ደግሞ ማጫወቻውን ፒሲኤም (ድምፁን ራሱ ፈትቶ የሚልክበት) ላይ አድርጎ «ዳይናሚክ ሬንጅ» መቆጣጠሪያውን ቢያበራ ንግግሩ ይመለስለታል።

ዲስክ ከውጭ ለሚያስልክ ሰው፦ ፎር ኬ ዲስክ የክልል ገደብ የለውም። አብሮት የሚመጣው ብሉ ሬይ ግን ሊኖረው ይችላል፤ አሜሪካ ኤ፣ ኢትዮጵያ፣ አውሮፓ፣ እስራኤልና የባሕረ ሰላጤው አገሮች ቢ ናቸውና ጀርባውን እዩ። ዲቪዲ ከሆነ ይብሳል፤ አሜሪካ 1፣ አውሮፓና እስራኤል 2፣ ኢትዮጵያ 5 ነው። የአውሮፓው ዲቪዲ በፓል (በአውሮፓ የቲቪ አሠራር) ስለሚሠራ በሰከንድ 24 የነበረው ክፈፍ 25 ይሆናል፤ 117 ደቂቃው ፊልም በ112 ገደማ ያልቃል፣ ድምፁም ትንሽ ይቀጥናል። ተቆርጦብኛል የሚሉ ሰዎች የተቆረጠባቸው ነገር የለም። የ1997ቱን ዲቪዲ በነፃ ቢሰጧችሁም አትድከሙ፤ ሰፊው ምስል ከ480 መስመር 270 ገደማ ብቻ ስለሚይዝ በአሁኑ ቲቪ ላይ በአራቱም ጎን ጥቁር ከቦት ትንሽ ሳጥን ሆኖ ይታያል።

ሁለተኛ እጅ ለሚፈልግ የ2007ቱ ባለ 5 ዲስክ አሁንም ከሁሉ የሞላ ነው፤ ለሙከራ የታየው የመጀመሪያ ቅጂም የሦስት ሰዓት ተኩሉ ዘጋቢ ፊልምም አሉበት። ሻጩን ግን የዲስኮቹን ፎቶ ጠይቁት። ያኔ ይኸው ስብስብ በኤችዲ ዲቪዲም ወጥቷል፤ የዚያ ማቀፊያ ቀይ ነው፣ የብሉ ሬዩ ሰማያዊ። ቀዩን ብሉ ሬይ ማጫወቻ ውስጥ ብትከቱት አይነበብም።