ሦስተኛው አንቀጽ

የመሥሪያ ቤታችን የመሰናበቻ ጽሑፍ ጸሐፊ እኔ ነኝ። የሥራ መደቤ እንዲህ አይልም፣ “የኮሙኒኬሽን ባለሙያ” ነው የሚለው። ግን ጡረታ የሚወጣ ሰው በተገኘ ቁጥር “እስቲ አንድ ገጽ ነገር አዘጋጅ” የምባለው እኔ ነኝ። መጀመሪያ ሰሞን ሰውየውን አናግሬ፣ ባልደረቦቹን ጠይቄ ነበር የምጽፈው። በኋላ ጥሩ የወጣልኝን አንዱን አስቀመጥኩና ስም፣ የሥራ ክፍልና ዓመት እየቀየርኩ ማውጣት ጀመርኩ። “በትጋትና በቅንነት ያገለገሉ” የማይባል ማን አለ?

የሚያሳፍረው፣ በዚያው ሰሞን አፌን ሞልቼ ስለ ማሪሊን ሮቢንሰን አወራ ነበር። አሜሪካዊት ደራሲ ናት። የመጀመሪያ ልቦለዷን እ.ኤ.አ. በ1980 አሳተመች፣ ሁለተኛው “ጊልያድ” የወጣው በ2004 ነው። መሀሉ 24 ዓመት! እርግጥ እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም፤ ታስተምራለች፣ መጣጥፍ ትጽፋለች። ልቦለድ ግን የለም። በእረፍት ሰዓት ይህንን ትዕግሥት ለባልደረቦቼ እሰብክና ጠረጴዛዬ ጋ ስመለስ የአንድን ሰው ሠላሳ ምናምን ዓመት በአሥር ደቂቃ ጨርሼ አትማለሁ።

የመዝገብ ቤቱ ሽማግሌ ጡረታ የወጡ ቀን አዳራሹ ሞልቶ ነበር። ጽሑፉን ያነበብኩት ራሴ ነኝ። ሦስተኛው አንቀጽ ላይ ስደርስ ከዓመት በፊት የተሰናበቱት የሒሳብ ክፍል ሴትዮ ስም ከአፌ ወጣ። ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ይቅርታ ብዬ ስሙን አስተካከልኩና ቀጠልኩ፤ ቀጣዩ ዓረፍተ ነገር ግን ሽማግሌው የሒሳብ ሰነድ ሲያመሳክሩ ስለነበራቸው ጥንቃቄ ነበር የሚያወራው። ላብ አጠመቀኝ። እንዴት እንደጨረስኩት አላውቅም።

ሰዉ ሲበተን ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኳቸው። ይቆጡኛል ብዬ ነበር። “አይዞህ ልጄ” አሉኝ ትከሻዬን ይዘው። “የሁሉም ግልባጭ እኮ እኔ ጋ ነው የሚቀመጠው። የራሴንም ሳታነበው አውቀው ነበር።”

ከስድብ ይልቅ ይሄ ገደለኝ። ለካ እኚህ ሰው ዓመታት ሙሉ ያንኑ ገጽ በተለያየ ስም እየተቀበሉ፣ ምንም ሳይናገሩ ማህደር ውስጥ ሲያስገቡ ኖረዋል።

የዚያን ማታ “ጊልያድ”ን እንደገና ገለጥኩት። ላላነበባችሁት፣ ታሪኩ እ.ኤ.አ. በ1956 ነው፤ የ76 ዓመት የልብ ሕመምተኛ ፓስተር ሰባት ዓመት ለሚጠጋው ልጁ፣ ልጁ ሲያድግ የሚያነበው ረጅም ደብዳቤ ይጽፋል። በቃ ይኸው ነው። ቀርፋፋ መጽሐፍ ነው፣ አንድ ጓደኛዬ ሩቡ ላይ ሳይደርስ መልሶልኛል፤ አልፈርድበትም። ፓስተሩ ጣሪያ ስር በሣጥን የተከመሩ ስብከቶቹን ያሰላል፤ በዓመት 50፣ ለ45 ዓመት፣ 2,250 ስብከት። ከዚያ ሁሉ ውስጥ በሰማይ ቢጠየቅበት የማያፍርበት አንድ ብቻ ነው፣ እሱንም በአንደኛው የዓለም ጦርነትና በኅዳር በሽታው ጊዜ ጽፎ ሳይሰብከው አቃጥሎታል። መጀመሪያ ሳነበው ፈገግ ብዬ ነበር ያለፍኩት። አሁን መዝገብ ቤቱ ታየኝ።

ሌላ ቦታ ላይ ልጅ እያለ ከጓደኞቹ ጋር ሆኖ የድመት ግልገሎች ሲያጠምቅ ያስታውሳል። ቂል የልጅ ጨዋታ ነው። ግን የዚያች ትንሽ ራስ ሙቀት ከመዳፉ አልወጣም፤ ሸምግሎ ቆይቶ የሚረዳው ነገር ደግሞ ቡራኬ ቅድስናን እንደማይጨምር፣ ያለውን ማወቅ ብቻ እንደሆነ ነው። እዚህ ላይ መጽሐፉን አስቀምጬ ብዙ ተቀመጥኩ። እኔ እኮ ጽሑፌ ሰዎቹን የሚያከብራቸው ይመስለኝ ነበር። ክብሩ ያለው እነሱ ጋ ነው፤ የእኔ ሥራ ማየት ብቻ ነበር፣ እሱንም አላየሁም።

ከዚያ ወዲህ ጸሎተኛ ሆንኩ ብዬ አልዋሻችሁም። ግን ከመጻፌ በፊት ሰውየው የሚሠራበት ቦታ ሄጄ ግማሽ ቀን እቀመጣለሁ። ምንም አልጠይቅም መጀመሪያ። እጁን አያለሁ፣ ስልክ ሲያነሳ አዳምጣለሁ። ዝም ብሎ ሌላ ሰው ማየት ውስጥ፣ ጸሎት ላይ ሲቀናኝ የሚሰማኝ ዓይነት ጸጥታ አለ፤ ከዚህ የተሻለ ቃል የለኝም። ሁሌ አይሳካም። አንድ አስቸጋሪ ኃላፊ ሲወጡ ሦስት ቀን ፈጀብኝ፣ በመጨረሻ ያገኘሁት መስኮታቸው ላይ ያለውን አበባ በየጠዋቱ ራሳቸው እንደሚያጠጡ ነው። እሱን ጻፍኩ። ለዓመታት የተውኩትን የራሴን አጭር ልቦለድም ማታ ማታ መነካካት ጀምሬያለሁ። ለማንም አላሳየሁም።

የመዝገብ ቤቱን ሽማግሌ ጽሑፍ እንደ አዲስ ጻፍኩት። ከወራት በኋላ ለጡረታ ጉዳያቸው ሲመጡ ኮሪደር ላይ ሰጠኋቸው። መነጽራቸውን አውጥተው እዚያው ቆመው አነበቡት፣ ሁለቴ። ከኪሳቸው እስክሪብቶ አወጡና 31 የሚለውን ሰርዘው 32 አደረጉት።

“ግልባጩንስ” አሉኝ፣ “የት ፋይል አደረግከው?”