መጀመሪያ የትኛውን መጨረሻ እንዳየህ ንገረኝ

ድሬዳዋ ላይ ቀትር ሲሆን ሱቁ ይዘጋል፣ ባጃጁ ጥላ ፍለጋ ይሄዳል፣ ከዚራ ሰፈር ዛፍ ሥር መቀመጫ ይጠፋል። የአኒሜ (የጃፓን ካርቱን) እና የጌም ክርክር የሚሞቀው ያኔ ነው። አንዱ «ወንድማማቾቹ በመጨረሻ አገራቸው ገቡ» ይላል። ሌላው «አቦ ምን ነካህ! በሁለት ዓለም ተለያይተው አይደል እንዴ የቀሩት?» ይላል። ሻዩ ይቀዘቅዛል፣ ድምፅ ይወጣል፣ ሊያስታርቅ የገባው ሦስተኛ ሰው ራሱ ወገን ይይዛል። ሁለቱም ግን ልክ ናቸው። ያዩት የተለያየ ሥራ ነው፤ ስሙ ነው አንድ የሆነው።

(ከዚህ በታች ብዙ መጨረሻ ይነገራል። ያላየኸውን ስም ካነበብክ አንቀጹን ዝለለው። ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

የጠቡ መነሻ ብዙ ጊዜ «ፉልሜታል አልኬሚስት» ነው። ማንጋው (በሥዕል የሚነገረው የጃፓን መጽሐፍ) በ2001 ተጀመረ። አኒሜው በ2003 ሲወጣ ደራሲዋ ገና እየጻፈች ስለነበር ስቱዲዮው መሀል ላይ የራሱን መንገድ ያዘና በ51 ክፍል ጨረሰው። በ2009 የተጀመረው «ብራዘርሁድ» ደግሞ ማንጋውን ተከትሎ በ64 ክፍል በ2010 አለቀ፤ ማንጋው ራሱ ያበቃው በዚያው ዓመት ነው።

ብዙ ሰው «መጨረሻው ተቀየረ» ሲል የመጨረሻዎቹን ሁለት ክፍሎች ማለቱ ነው። የተቀየረው ግን በጣም ቀደም ብሎ ነው። በ2003ቱ ሆሙንኩለስ የሚባሉት ፍጡራን የሚወለዱት አንድ ሰው የሞተበትን በአልኬሚ (አንዱን ነገር ወደ ሌላ በሚለውጥ ጥበብ) ሊያስነሳ ሞክሮ ሲከሽፍበት ነው፤ ከእያንዳንዱ ጭራቅ ጀርባ አንድ ሐዘንተኛ አለ። በብራዘርሁድ ግን ምንጫቸው አንድ ነው፣ «አባት» የሚባለው። ይህቺ አንዲት ሕግ መጨረሻውን ትጎትተዋለች። ጠላቱ አንድ ከሆነ ተባብረህ ትጥለዋለህ። ጠላቱ የሰው ሐዘን ከሆነስ ማንን ጥለህ ትገላገላለህ? ስለዚህ የ2003ቱ ኤድ፣ ታላቅየው፣ ወንድሙን ለመመለስ ራሱን ሰጥቶ ሁለቱን ዓለም ከሚያገናኘው በር ማዶ፣ እኛ በምናውቃት አውሮፓ ይቀራል። የብራዘርሁዱ ኤድ የአልኬሚ ችሎታውን ከፍሎ ወንድሙን ይዞ ይመለሳል። በእኔ ሚዛን የ2003ቱ ሐሳብ ይበልጣል፤ አፈጻጸሙ ግን ያንሳል። ያቺ የበሩ ማዶ አውሮፓ ብቅ የምትለው ታሪኩ ሊያልቅ ጥቂት ክፍሎች ሲቀሩት ነው፤ መልስ ሆና ሳይሆን እንግዳ ሆና ትገባለች።

ፍላሽህ ላይ ያለው የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ክፍል 1ን ክፈት። ሐሰተኛ ቄስ የሚገዛት የበረሃ ከተማ ካየህ የ2003ቱ ነው። በበረዶ የሚዋጋ ሰው ዋና ከተማውን ሲያምስ ካየህ ብራዘርሁድ ነው። የከፋው ሁለቱ አንድ ፎልደር ውስጥ ተገልብጠው በቁጥር ሲደረደሩ ነው፦ ተመሳሳይ ቁጥር ያለው ፋይል በሌላው ላይ ይጻፋል፣ እስከ 51 ያለው ከአንዱ ይሆናል፣ የቀረው ከሌላው። ያኔ የሞተው የአገሪቱ መሪ ኪንግ ብራድሊ ከ52 በኋላ ጎራዴውን መዝዞ ይመጣል። በዚህ ፍላሽ ላይ ተመሥርቶ ስለ ጥበብ መከራከር ድካም ነው።

«ኢቫንጌሊዮን» የሚባለው አኒሜ ላይም ነገሩ ያው ነው። በ1995 ተጀምሮ በ1996 በ26 ክፍል ተጠናቀቀ። 25ና 26 ላይ ጦርነቱ ከእይታ ይጠፋና ዋናው ገጸ ባሕርይ የሆነው ልጅ ወንበር ላይ ተቀምጦ ስለ ራሱ ይጠየቃል፤ በመጨረሻ ሁሉም እያጨበጨቡ «እንኳን ደስ ያለህ» ይሉታል። በ1997 የወጣው ፊልም በዚያው ሰዓት ውጪው ላይ ምን እየሆነ እንደነበር በደምና በእሳት ያሳያል። አንዳንድ ገልባጭ ፊልሙን «እውነተኛው መጨረሻ» ብሎ ሁለቱን ክፍሎች ያወጣቸዋል። አታውጣቸው። አንዱ ከውስጥ፣ አንዱ ከውጪ ነው፤ ፊልሙን ብቻ ያየ ልጁ ለምን እንደዚያ እንደወሰነ አይገባውም። «ጊዜ አልቆባቸው በችኮላ የሠሩት ነው» የሚለው ክስ ደግሞ እውነት አለው፤ ግን ምንም አያረጋግጥም። ቅቤ ያጣች ባለሙያ በዘይት የሠራችው ወጥ የሚመዘነው በአፍ ነው እንጂ በሰበቡ አይደለም።

ሁለት መጨረሻ ለመባል ድርጊቱ መለየትም የለበትም። «ዴዝ ኖት» ውስጥ ስም በደብተር እየጻፈ ሰው የሚገድለው ላይት በማንጋውም በአኒሜውም ይሞታል። በማንጋው እየለመነና እየጮኸ ወለል ላይ ነው የሚያልቅለት፤ አኒሜው ደረጃ ላይ አጋድሞት በጸጥታ ያሰናብተዋል። ማንጋው ይፈርድበታል፣ አኒሜው ያዝንለታል። ላይትን ጀግና የሚያደርጉ ልጆች ሁሌም አኒሜውን ያዩት ናቸው።

ወደ ጌም ስንመጣ ነገሩ ይጠልቃል፤ መጨረሻውን የምታመጣው አንተ ነህና። እዚህ ላይ «መጨረሻው ያሳዝናል፣ ያስደስታል» እያሉ መጨቃጨቅ ዋጋ የለውም። የሚጠየቀው ጥያቄ ሌላ ነው፦ ጌሙ ምንህን ሲቆጥር ቆየ? የቆጠረውንስ መጨረሻ ላይ ከፈለው?

በደንብ የሚቆጥረው «ሳይለንት ሂል 2» ነው፣ በ2001 ለፕሌይስቴሽን 2 የወጣው። ጄምስ የሚባል ሰው ከሞተች ሚስቱ ደብዳቤ ደረሰኝ ብሎ ጭጋግ ወደዋጣት ከተማ ይመጣል። ጌሙ «ይህን ወይስ ያን?» ብሎ አንድም ጊዜ አይጠይቅህም። ዝም ብሎ ያይሃል። ቆስለህ መድኃኒት ኪስህ ውስጥ እያለ ሳትታከም ከቆየህ፣ ከተማዋ ውስጥ ከምታገኛት ከአንጄላ የተቀበልከውን ቢላ ከዕቃህ መሀል እያወጣህ ደጋግመህ ከመረመርከው፣ ይህ ሰው መኖር ሰልችቶታል ብሎ ይመዘግባል፤ መጨረሻህ ውሃ ውስጥ ነው። ቶሎ ቶሎ ከታከምክ፣ የሚስትህን ፎቶና ደብዳቤ አውጥተህ ካየህ፣ ከተማዋን ትተህ ትወጣለህ። ሚስቱን የምትመስለውን ማሪያን ካልራቅካትና እንዳትጎዳ ከጠበቅካት ከእሷ ጋር ትሄዳለህ። (የሁሉ ነገር ጠንሳሽ ውሻ ሆኖ የሚገኝበት የቀልድ መጨረሻም አለ። እሱን አይተህ ስለ ሐዘን ባትከራከር ይሻላል።)

አሁን ይህን ወደ ጌም ቤት አምጣው። ሦስት ልጆች አዋጥተው በአንድ ጆይስቲክ ይጫወታሉ። አንዱ ፈሪ ነው፣ ትንሽ ሲጫር መድኃኒት ይጠጣል። አንዱ ቆጣቢ ነው፣ «ለቦስ (ለትልቁ ጠላት) ይቆየን» እያለ ያከማቻል። አንዱ ቢላዋን እያወጣ ያገላብጣል፣ ስለምታምር ብቻ። ጌሙ ሦስቱን እንደ አንድ ሰው ነው የሚቆጥራቸው። የሚወጣው መጨረሻ የማንም አይደለም፤ ከዚያ ደግሞ «ትርጉም የለውም» ብለው ይፈርዱበታል! ይህን ጌም አንድ ሰው ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይያዘው፣ ሌሎቹ ይዩ። ሴቭ ስታደርግ የድሮው ላይ አትደርብ፣ አዲስ ክፈት። ካርዱ ላይ እየጻፈ ሳለ መብራት ከሄደ ሴቩ ይበላሻልና፣ መብራት ሲያብለጨልጭ በሁለት ሜሞሪ ካርድ መያዝ ነው የሚያዋጣው። «ሊያልቅ ሲል ሴቭ አድርጌ ሁሉንም አያለሁ» የሚለው ስልት ግን እዚህ አይሠራም፤ ነጥቡ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ ሲጠራቀም ነው የመጣው።

ያ ስልት የሚሠራው «ጂቲኤ 5» ላይ ነው። ከመጨረሻው ውሳኔ በፊት አንድ ሴቭ ይበቃል፤ ከሦስቱ ዋና ገጸ ባሕርያት ትሬቨርን መግደል፣ ማይክልን መግደል፣ ወይም ሦስቱም ተርፈው ጠላቶቻቸውን መጨረስ። ግን ሦስተኛው እያለ ማን ሌላውን ይመርጣል? ከገደልክ አንድ ገጸ ባሕርይ ታጣለህ፤ ሦስተኛውን ከመረጥክ ምንም አይጎድልብህም። የሚያጓጓ ጌም ነው፣ መጨረሻው ግን ሦስት በር ያለው ቤት መስሎ ሁለቱ ግድግዳ ላይ የተሳሉ ናቸው።

ቆጥሮ ያልከፈለው ደግሞ «ማስ ኢፌክት 3» ነው። በ2007ና በ2010 ከወጡት ሁለት ጌሞች የነበረህን ውሳኔ ሁሉ ሴቩ ተሸክሞ ያመጣል፤ ማን እንደሞተ፣ ማንን እንዳዳንክ፣ ከማን ጋር እንደተዋደድክ። በማርች 2012 ሰዉ መጨረሻው ላይ ሲደርስ ያገኘው ቀይ፣ ሰማያዊና አረንጓዴ ፍንዳታ ነው፤ ከቀለሙ በቀር ትዕይንቱ ብዙም አይለያይም። ተቆጪዎቹ ለሠሪዎቹ 400 ገደማ ትናንሽ ኬኮች ላኩላቸው፤ ክሬማቸው በሦስቱ ቀለማት፣ ጣዕማቸው ግን ሁሉም ቫኒላ። ከዚያ የተሻለ ሂስ በጽሑፍ አላየሁም። በዚያው ጁን የተራዘመ መጨረሻ በነፃ ተለቀቀ። ያብራራ ነበር፣ ግን ሒሳቡን አልከፈለም።

እዚህ ላይ «ተመልካች መጨረሻ ማስቀየር አለበት ወይ?» የሚል ይነሳል። የእኛ ተረት ነጋሪ «ተረቴን መልሱ፣ አፌን በዳቦ አብሱ» ብሎ ሲጨርስ የሚጠይቀው ዳቦ ነው፤ መጨረሻው ይቀየር ወይ ብሎ አይጠይቅም። በዚህ ከሠሪዎቹ ጎን ነኝ። ግን ተረት ነጋሪ «ውሳኔህን ሁሉ ይዤልሃለሁ» ብሎ ቃል አልገባም። ቃል የገባ ይጠየቃል።

ከሁሉ የሚከብደው የሠራኸውን የማይረሳው ጌም ነው። «አንደርቴል» (2015) ውስጥ አንድም ጭራቅ ሳትገድል መጨረስ ትችላለህ፣ ሁሉንም ፈጅተህም መጨረስ ትችላለህ። ሁሉንም ከፈጀህ ዓለሙ ይጠፋል። እንደገና ስትከፍተው ጨለማ ብቻ ነው፤ 10 ደቂቃ ጠብቀህ፣ ነፍስህን ሸጠህ ነው ዓለሙ የሚመለስልህ። ከዚያ በኋላ የፈለግከውን ያህል ደግ ሁን፣ የደጉ መጨረሻ ላይ ያ ግዢ ይመጣብሃል፦ እንደ መጨረሻ ምርጫህ የጓደኞችህ ፎቶ ላይ ፊታቸው በቀይ ተሰርዞ ልታገኘው ትችላለህ።

የጋራ ኮምፒውተር ላይ ችግሩ ምን እንደሆነ ገባህ አይደል? ከአንተ በፊት የተጫወተ የማታውቀው ልጅ ነፍሱን ከሸጠ፣ ዕዳው አንተ ላይ ነው የሚወርደው። ማንንም ሳትነካ ጨርሰህ ቀይ ስርዝ ካየህ ጌሙ አልተበላሸም። ዊንዶውስ ላይ «አፕዴታ» ውስጥ «ሎካል» ግባ፣ «አንደርቴል» የሚለውን ፎልደር ክፈት። «ሲስተም ኢንፎርሜሽን» ብሎ በ963 የሚያልቅ ፋይል ካለ ሻጩ እዚያ ነበር። ሙሉ ፎልደሩን ሌላ ቦታ አንቀሳቅሰህ አዲስ ጀምር፤ አታጥፋው፣ የሌላ ሰው ሴቭ ውስጡ አለ። የራስህ ኃጢአት ከሆነ ግን እንዲህ ማጽዳት ጌሙን መሸሽ ነው ባይ ነኝ።

«ኒየር አውቶማታ» (2017) ተቃራኒውን ያደርጋል። ከኤ እስከ ዜድ 26 መጨረሻ አለው፤ ብዙዎቹ ቀልድ ናቸው፣ የማይበላ ዓሣ በልተህ ትሞታለህና የስም ዝርዝር ይወርዳል። ቁም ነገሩ ከኤ እስከ ኢ ያሉት አምስቱ ናቸው። ኤ ላይ ስሙ ወረደ ብሎ የሚያቆም ሰው ከታሪኩ ግማሹን አላየም፤ ያንኑ ሴቭ ከፍተህ ቀጥል፣ አዲስ አትጀምር። ሲና ዲ የሚለያዩት በመጨረሻ በማን ሆነህ እንደምትዋጋ ነው። ሁለቱንም ካየህ ኢ ይመጣል፦ የሠሪዎቹን ስም ዝርዝር ራሱን እየተኮስክ ታልፋለህ፣ ስትወድቅ ሌሎች ተጫዋቾች ይደርሱልሃል፣ በመጨረሻ የማታውቀውን ሰው ለመርዳት ሴቭህን ትሰጥ እንደሆነ ትጠየቃለህ። «አዎ» ካልክ ሴቭህ አንድ በአንድ ዓይንህ እያየ ይሰረዛል።

ፕሌይስቴሽን 4 ሴቭ ወደ ፍላሽ መገልበጥ ይፈቅዳል። የጌም ቤት አካውንት ላይ ከሆንክ የሌሎች ልጆች ድካም አብሮ እንዳይጠፋ ከዚያች ጥያቄ በፊት ገልብጥ። በራስህ ማሽን ላይ ግን ገልብጦ «አዎ» ያለ ሰው ምን ሰጠ?

«ጌም ጥበብ ነው ወይ?» የሚለው ጥያቄ ራሱ አሁን ብዙም አይጠቅምም። ሮጀር ኢበርት የሚባለው አሜሪካዊ የፊልም ሃያሲ በ2010 ጌም ጥበብ ሊሆን አይችልም ብሎ ጻፈ፤ በዚያው ዓመት ሳይጫወቱ መናገር እንዳልነበረበት አመነ። በ2012 የኒውዮርኩ ዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም 14 ጌሞችን ወደ ስብስቡ አስገባ። አባቶቻችን አሁንም «ካርቱን» ይሉታል፣ ይበሉት።

ሳይጠቀስ እንዲቀር የማልወደው አንድ ምሳሌ «ፋር ክራይ 4» (2014) ነው። መጀመሪያው ላይ አምባገነኑ ፔገን ሚን ማዕድ ላይ ያስቀምጥህና «እዚሁ ቆየኝ» ብሎ ይወጣል። ሁሉም ተነስቶ ይሮጣል፣ ጦርነቱም ይጀመራል። አትነሳ። 15 ደቂቃ ገደማ ተቀመጥ። ሰውዬው እንዳለው ይመለሳል፣ የእናትህን አመድ ወደሚያርፍበት ቦታ ይወስድሃል፣ ጌሙ ያልቃል። በሰዓት ከፍለህ የምትጫወት ከሆነ ይህ መጨረሻ ከቤትህ ይልቅ ጌም ቤት ውስጥ ይከብዳል፤ ሰዓቱ ይቆጥራል፣ ኋላህ ተረኛ ቆሟል፣ ባለቤቱም ሁለት ጊዜ መጥቶ «አትጫወትም እንዴ?» ይልሃል። ጆይስቲኩን ጠረጴዛ ላይ አድርገው፤ በሩን አልፈህ ከወጣህ ዋናው ታሪክ ይጀምራልና።