ያልነገርኳት ትኩሳት

ትናንት ልጄ 45 ቀን ሞላት። እናቴ ከአባይ ማዶ በማለዳ በባጃጅ መጥታ አብራን ጤና ጣቢያ ሄደች። ነርሷ ሁለቱንም ጭኗን ወጋቻት፣ ጠብታም ሰጠቻት። ከዚያ ሳትቸኩል አስረዳችን። «ዛሬ ማታ ሊያተኩሳት ይችላል። የተወጋችበትም ያብጥ ይሆናል። ጡት ቶሎ ቶሎ ስጧት፤ ቅቤ ምናምን እንዳትቀቡበት። ከሁለት ቀን ካለፈ ወይም ጡት እምቢ ካለች አምጧት።»

እናቴ «እሺ፣ እሺ» እያለች ሰማቻት። እኔ አንገቴን ደፋሁ።

ፋርማሲስት ነኝ። መጋቢት 2013 የኮቪድ ክትባት ሲጀመር ቅድሚያ የተሰጠው ለጤና ባለሙያ ስለነበር አስትራዜኔካን ቀድሜ ተወጋሁ። ያን ሰሞን አንዳንድ የአውሮፓ አገሮች የደም መርጋት ነገር እስኪጣራ ብለው ክትባቱን ለጊዜው አቁመውት ነበር። መርጋቱ ውሸት አልነበረም፤ ግን ከ100,000 ሰው አንድ ሁለት ቢያጋጥመው ነው። ወሬው ባሕር ዳር ሲደርስ «የተወጋ ሁሉ በሁለት ዓመት ያልቃል» ሆኗል። ደንበኞቼ መድኃኒታቸውን ከያዙ በኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «አንተ ግን ተወግተሃል?» ይሉኛል።

ተወግቻለሁ። ማታውን በሁለት ብርድ ልብስ ተጠቅልዬ ስንቀጠቀጥ አደርኩ። በማግስቱ ለቀቀኝ። ለማንም አልተናገርኩም። ሰው ይፈራል ብዬ ነው። (የጎንዮሽ ጉዳት የሚለው ቃል ራሱ አይረዳም። የአንድ ሌሊት ትኩሳት ምኑ ነው ጉዳት?)

የእናቴ ተራ ሲደርስ «እማዬ፣ ምንም የለውም፤ ትንኝ እንደነከሰሽ ቁጠሪው» አልኳት። ሌሊት ስድስት ሰዓት ላይ ስልኬ ጮኸ። ጥርሷ ይንገጫገጫል። የንስሐ አባቷን ጥሩልኝ ብላ ጎረቤት ቀስቅሳለች።

«ይኼማ ያለ ነው፣ እኔንም አድርጎኝ ነበር» አልኳት፣ ላጽናናት ብዬ።

ዝም አለች። ከዚያ «አድርጎህ ነበር?» አለችኝ።

ሁለተኛው ዙር ሲደርስ ባጃጅ ላኩላት። ባዶውን መለሰችው። የባሰው ደግሞ የማኅበር ጓደኞቿ ነገር ነው። ሦስቱ ከእሷ ጋር ሊወጉ ተቀጣጥረው ነበር፤ ቀሩ። «ገዛ ልጇ፣ ያውም መድኃኒት አዋቂው፣ ደበቃት» ተባለ። ምን ብዬ ልመልስ? ደብቄያታለሁ። ፌስቡክ ላይ ወሬ የሚነዛውን ስሳደብ ከርሜ፣ እነዚያን ሴቶች ያስቀረኋቸው እኔ ነኝ።

ማታ አራት ሰዓት ላይ ልጅቷን አተኮሳት። ቴርሞሜትሩ 38.2 አለ። ባለቤቴ ማልቀስ ጀመረች። እናቴ ግን የተደራረበውን ልብስ አውልቃ ልጅቷን ወደ እናቷ ጡት አስጠጋቻት። «ምን ያስለቅስሻል? ተነግሮናል እኮ» አለቻት።

ልጅቷ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ገደማ አላባት፣ ተኛች። እኔና እናቴ ቁጭ ብለን ቀረን። ዓመታት ያስቀመጥኩትን አወጣሁት።

«የዚያ የኮቪዱ ሁለተኛ ዙር እኮ አብዛኛውን ጊዜ ከመጀመሪያው ይቀል ነበር።»

ነጠላዋን አስተካክላ አየችኝ። «እሱንስ ያኔ ለምን አልነገርከኝም?»