“ሙሉ በሙሉ እንችላለን” ብዬ የሞላሁት ፎርም

በመጀመሪያው ዓመት ካምፑ ተቀብሎኝ ነበር። ያልሄድኩት በራሴ ጥፋት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። 9ኛ ክፍል ሳለሁ፣ አዲስ አበባ ላይ በክረምት ለሁለት ሳምንት የሚካሄድ የታዳጊዎች የታሪክ ካምፕ እንዳለ ቴሌግራም ላይ አየሁ። ሙዚየም ማየት፣ የድሮ ሰነድ ማንበብ፣ ከታሪክ ምሁራን ጋር መከራከር። ያን ቀን እንቅልፍ በዐይኔ አልዞረም። ፎርሙን ስሞላ መሃል ላይ አንድ ጥያቄ መጣ፦ “ቤተሰብዎ ክፍያውን መሸፈን ይችላል?” ከሥሩ ሦስት ምርጫ አለ። ሙሉ በሙሉ፣ በከፊል፣ አይችልም።

አባቴ ከደሴ ኮምቦልቻ ሚኒባስ ይነዳል። መኪናው የሰው ነው። እናቴ እዚያው ደሴ ፒያሳ ጀበና ቡና ትሸጣለች። ክፍያው 14,000 ብር። መልሱ ፍጥጥ ያለ ነው አይደል? እኔ ግን “ሙሉ በሙሉ” የሚለውን ነካሁ። እንደሌለን ካወቁ አይቀበሉኝም ብዬ ፈራሁ። በዚያ ላይ ይሉኝታ። በዐይኔ አይቻቸው የማላውቃቸውን ሰዎች ይሉኝታ!

ከሦስት ሳምንት በኋላ “እንኳን ደስ አለሽ” የሚል መልእክት መጣ። ከሥሩ የባንክ ሒሳብ ቁጥር። አባቴ ስልኩን ተቀብሎ ብዙ አየው። “ጎበዝ” አለኝና መለሰልኝ። ሌላ ቃል አልወጣውም። ያን ክረምት ከእናቴ ጋር ስኒ ሳጥብ ከረምኩ።

በዓመቱ የካምፑን ስኮላርሽፕ ለመሞከር ወሰንኩ። ይሄኛው ከባድ ነው፤ የሚያልፉት ጥቂት ናቸው። ትራንስክሪፕት፣ የመምህር የድጋፍ ደብዳቤ፣ 500 ቃል ጽሑፍ፣ የስልክ ቃለ መጠይቅ፣ እና ከቀበሌ የቤተሰብ ገቢ ማስረጃ።

የመጨረሻዋ ናት ቤቱን ያመሰችው። “እኔ ደሃ ነኝ ብዬ ማኅተም ላስመታ?” አለ አባቴ። እናቴ ዝም። እኔ ዝም። አያቴ ግን ረከቦቱ አጠገብ እንደተቀመጠች፣ ቶናውን ሳትጨርስ፣ “አንተ ልጅ፣ ንጉሥ ሚካኤል አይጠየፍን ለማን ሠሩት? ለመኳንንት ብቻ ቢሆን አይጠየፍ ይባል ነበር?” አለችው። ለማታውቁት፣ አይጠየፍ ደሴ ላይ ያለው የንጉሥ ሚካኤል የግብር አዳራሽ ነው። ስሙ ደሃ ሀብታም ሳይል ሁሉንም ስለሚያበላ ነው ይባላል። አባቴ ሳቀ። በማግስቱ ሥራ ሳይገባ አብሮኝ ቀበሌ ሄደ።

ማኅተሟ በአንድ ቀን አልተመታችም። ኃላፊው ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሁለተኛውም ቀን ስብሰባ ላይ ነበሩ። በሦስተኛው ቀን ደረሰልን። ደብዳቤው ግን “ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው” ብሎ ነበር ያለፈው። ስለዚህ አባቴ ማታ ደብተር ዘርግቶ የወሩን ወጪ ጻፈልኝ፦ የቤት ኪራይ 4,500፣ የታናናሾቼ ትምህርት፣ የአያቴ የደም ግፊት መድኃኒት፣ እህል። ታች ላይ የሚተርፈውን ጻፈ። 600 ብር። እኔ ያንን ወረቀት አያይዤ ላክሁ። በኋላ ቃለ መጠይቁ ላይ ስለ ገንዘብ አንድም ጥያቄ አልጠየቁኝም።

አሁን ወደ ጽሑፉ። በመጀመሪያው ዓመት የጻፍኩት ስለ ውጫሌ ውል ነበር። ውጫሌ ከደሴ ወደ ወልዲያ ስትሄዱ መንገድ ላይ ናት፤ የእኛ ናት ብዬ ኮራሁ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881፣ አንቀጽ 17፣ የአማርኛውና የጣሊያንኛው ልዩነት። ለታሪክ መምህሬ ሳሳየው፣ “ልክ ነው። ግን ይሄ መጽሐፉ ላይ አለ። አንቺ የት አለሽ?” አለኝ። ተናደድኩ። ሁለት ቀን አኮረፍኩት።

የሁለተኛው ዓመት የጽሑፍ ጥያቄ “በአካባቢህ የተፈጸመ አንድ ታሪክ ምረጥ፤ እውነት መሆኑን በምን ታውቃለህ?” የሚል ነበር። እኔ ያለኝ የአያቴ ወሬ ነው። ጣሊያን ደሴን በአውሮፕላን ሲደበድብ እናቷ ያየችውን ሁልጊዜ ቡና ላይ ትነግረናለች። ሦስት ነገር ትላለች። ሆስፒታሉን መቱት። ጃንሆይ በገዛ እጃቸው ወደ አውሮፕላኑ ተኮሱ። ቀኑ ሰኞ ነበር።

የጃንሆይዋን ተረት ነው ብዬ ነበር የማልፋት። ንጉሠ ነገሥት እንዴት ተኳሽ ይሆናል? ከዚያ ቲቸር ባዋሰኝ መጽሐፍ ላይ አገኘሁት። ኅዳር 26 ቀን 1928 ጣሊያን ደሴን ደበደበ። ንጉሠ ነገሥቱ ከተማዋ ውስጥ ነበሩ፤ በፀረ አውሮፕላን መሣሪያ ራሳቸው ተኩሰዋል። የቀይ መስቀል ምልክት ያለበት የአሜሪካኖች ሆስፒታልም ተመቷል። የውጭ ጋዜጠኞች ስለነበሩ ወሬው ለዓለም ወጣ። አያቴ ፊደል ሳትቆጥር ሁለቱን በልኩ ይዛዋለች ማለት ነው።

ሦስተኛዋ ቀረች። ስልኬ ላይ የፈረንጁን ካላንደር ወደ 1935 መለስኩት። እጄ እስኪደክም ነው የገፋሁት። ዲሴምበር 6። ዓርብ።

ለአያቴ ነገርኳት። “እናቴ ሰኞ ብላኛለች” አለች። ስልኩን አሳየኋት። “እሱ ያኔ ነበረ?” አለችኝ።

መጀመሪያ ያሰብኩት “ሰኞ” የሚለውን አውጥቼ አሳምሬ ልልከው ነበር። ስህተት ያለበትን ምስክር ማን ያምናል? ግን ጥያቄው “በምን ታውቃለህ” ነው። ስለዚህ እንዳለ ጻፍኩት። አያቴ ሰኞ ትላለች፣ ካላንደሩ ዓርብ ይላል፣ እኔም መሃል ላይ ነኝ። አራት ጊዜ ደብተር ላይ ጻፍኩት፤ ፎርሙ ላይ በቀጥታ መጻፍ ጦስ ነው፤ ኔትወርክ ሲቆረጥ ሁሉንም ይበላዋል።

ሌሎች ጦሶችም ነበሩ። ትራንስክሪፕቴ ላይ ስሜ በእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ዓይነት ተጽፏል፣ መታወቂያዬ ላይ ሌላ ዓይነት። ማስተካከል ብቻ አንድ ሳምንት ወሰደብኝ። ማብቂያው “ሜይ 30፣ 12 ሰዓት” ይላል። እኔ ግንቦት 22 ከምሽቱ 12 ሰዓት መስሎኝ ስሯሯጥ፣ ለካ እነሱ በፈረንጅ ሰዓት የቀኑን 6 ሰዓት ነው የሚሉት! ቲቸር የድጋፍ ደብዳቤውን ሲልክ አይቶ ባይደውልልኝ አልቆልኝ ነበር። 5 ሰዓት ከ40 ላይ ላክሁት።

የቃለ መጠይቁ ቀን መብራት ጠፋ። ስልኬ 9 ፐርሰንት። አባቴ ሚኒባሱን ደጅ አቁሞ፣ ሞተሩን አስነስቶ ቻርጅ ሰካልኝ። የኋላ ወንበር ላይ ቁጭ አልኩ። እሱ የፊት ወንበር ላይ ዞሮ ሳያየኝ ሙሉውን ሰማ።

አንዷ ጠያቂ፣ “ታዲያ አያትሽን ነው የምታምኚ ካላንደሩን?” አለችኝ። ያጠናሁት መልስ አልነበረኝም። “ቀኑን ካላንደሩን አምናለሁ” አልኩ። “ግን ደሴ ሰኞ ገበያ ነው። ሰው የሚተራመስበት ቀን ነው። ቅድመ አያቴ ያን ሁሉ ሰው ሲሯሯጥ ስታይ ገበያ ሆኖ ቀርቶባት ይሆናል። ግምቴ ነው፤ ማስረጃ የለኝም።” ትንሽ ዝም አሉ። ከዚያ ሌላ ጥያቄ ቀጠሉ። ስልኩን ስዘጋ ወየው አልኩ። ማስረጃ የለኝም ይባላል? አባቴ በመስታወቱ አየኝና “አብሽሪ” አለኝ።

ሙሉ ስኮላርሽፕ ሰጡኝ፤ ትራንስፖርት ጭምር። የመጀመሪያው ቀን ላይ ያቺው ጠያቂ አገኘችኝና፣ ጽሑፌ የተመረጠው በሰኞዋ እንደሆነ ነገረችኝ። የቀሩት ልጆች ጽሑፍ ውስጥ አንድም ሰው አልተሳሳተም አለችኝ።

ነሐሴ ላይ ስመለስ አያቴ ቡና አፍልታ ጠበቀችኝ። ጎረቤቶች ተሰብስበዋል። ካምፑ ላይ ያየሁትን ሁሉ አወራሁ፣ በመጨረሻም ስለ ቦምቡ ጽፌ እንዳለፍኩ ነገርኳቸው። አንዷ ጎረቤታችን፣ “መቼ ነበር እሱ?” ብላ ጠየቀች። አፌን ስከፍት አያቴ ቀደመችኝ።

“ሰኞ ነው” አለች። “አሁን ዓርብ አድርገውታል።”