ሐውልቱ ይነሳ ከተባለ በኋላ

በቨርጂኒያዋ ሻርለትስቪል ከተማ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ባርነትን ለማቆየት የተገነጠሉትን የደቡብ ግዛቶች ጦር የመራውን የጄኔራል ሮበርት ሊን የነሐስ ሐውልት ከመቆሚያው አውርዶ መኪና ላይ ለመጫን የፈጀው አንድ ጠዋት ነው፤ ጁላይ 10 ቀን 2021። ክርክሩ ግን ከ2016 ጀምሮ ነበር፤ ሐውልቱ ከወረደም በኋላ እስከ 2023 ድረስ ፍርድ ቤት ሲያመላልስ ከርሟል። (ቀኖቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ሰው ስለ ሐውልት ሲከራከር የሚያወራው ፈረሱ ላይ ስለተቀመጠው ሰውዬ ነው። ነገሩን የሚቆርጡት ግን አብዛኛውን ጊዜ ሌሎች ጥያቄዎች ናቸው፦ መሬቱ የማን ነው? የስጦታው ውል ምን ይላል? ሕጉ ሥልጣኑን ለማን ሰጠ? ከወረደስ ወዴት ይሄዳል? አገር ቤት ስለ ምኒልክም ሆነ ስለ አኖሌ ሐውልት በተጨቃጨቅን ቁጥር እነዚህ ጥያቄዎች ጎላ ብለው አይሰሙም፤ ስለዚህ የቨርጂኒያውን መዘርዘር ይጠቅማል።

የክርክሩን ይዘት በአጭሩ ልለፈው። ሊ የተሸነፈው በ1865 ነው፤ ሐውልቱ የቆመው በ1924። ይቆይ ባዮች ታሪክ ነው፣ የጥበብ ሥራ ነው፣ ጳውል ማክንታየር የተባለው ባለጸጋ ለከተማው የሰጠው ስጦታ ነው፣ ካስፈለገ ማብራሪያ ጽሑፍ ይለጠፍበት አሉ። ይነሳ ባዮች ደግሞ 59 ዓመት ቆይቶ፣ ጥቁሮች ከምርጫ በተገለሉበትና በመለያየት ሕግ በሚገዙበት ዘመን የቆመ ሐውልት የኀዘን መታሰቢያ ሊሆን አይችልም አሉ። ሊ ራሱ በ1869 በጻፈው ደብዳቤ የጦርነቱን ቁስል ከመቀስቀስ መርሳቱ ይሻላል ብሎ መክሮ ነበር፤ ይቆይ ባዮች ይህችን ብዙም አያነሷትም።

ወደ ወረቀቱ እንግባ።

በዚያው በቨርጂኒያ፣ በአሌክሳንድሪያ ከተማ መሃል፣ ዋሽንግተንና ፕሪንስ መንገዶች የሚገናኙበት ቦታ ላይ፣ ከ1889 ጀምሮ አንድ የደቡብ ወታደር የነሐስ ሐውልት ቆሞ ነበር፤ በዚያ የሚመላለስ ሐበሻ ሁሉ ያውቀው ነበር። የከተማው ምክር ቤት በ2016 በሙሉ ድምፅ ይነሳልን አለ። አልተነሳም። ሐውልቱ የከተማው ንብረት አልነበረም፤ ባለቤቱ የደቡብ ተዋጊዎች ዘሮች የሆኑ የሴቶች ማኅበር ነው። በዚያ ላይ ግዛቱ በ1890 ያወጣው ሕግ ይጠብቀው ነበር። በመጨረሻ ጁን 2 ቀን 2020 ማኅበሩ ራሱ አስነስቶ ወሰደው። ንብረቱ የእሱ ስለሆነ የማንም ድምፅ አላስፈለገውም።

በግዛቱ ዋና ከተማ በሪችመንድ ሌላ ዓይነት ነው። እዚያ የነበረው ሌላ የሊ ሐውልት ባለቤት ከተማው ሳይሆን ግዛቱ ነበር፤ በ1887 እና በ1890 በተጻፉት ውሎች ላይ ግዛቱ ሐውልቱን በታማኝነት ሊጠብቅ ቃል ገብቷል። ገዥው በጁን 2020 ይነሳ ሲሉ የሰጪዎቹ ዘር ነኝ ያለ ሰውና ጎረቤቶች ውሉን ይዘው ከሰሱ። የቨርጂኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በሴፕቴምበር 2 ቀን 2021 የድሮ ውል የዛሬውን መንግሥት መልእክት ሊያስር አይችልም ብሎ ፈረደ። በስድስተኛው ቀን ክሬኑ መጣ።

ሻርለትስቪል ላይ የሆነው ከሁሉም የሚያስቆጭ ነው። ምክር ቤቱ በፌብሩዋሪ 2017 በ3 ለ 2 ድምፅ ወሰነ፤ ወዲያው ተከሰሰ፤ ፍርድ ቤትም አገደው። የእግዱ መሠረት የጦርነት መታሰቢያዎችን መንካት የሚከለክል የግዛት ሕግ ነበር። በዚያው ዓመት ኦገስት ላይ ነጭ ዘረኞች ለሐውልቱ ብለው ከተማዋን ወረሩ፤ አንዲት ሴትም በመኪና ተገጭታ ሞተች። ከአራት ዓመት በኋላ፣ ኤፕሪል 1 ቀን 2021፣ ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ያ ሕግ ከ1997 በፊት ከተሞች ያቆሟቸውን ሐውልቶች ጭራሹን አይመለከትም አለ። ከተማው ያን ሁሉ ጊዜ የታገደው በማይመለከተው ሕግ ነበር ማለት ነው።

በእግዱ ዘመን ከተማው ሐውልቱን በጥቁር ሸራ ሸፈነው። የማልመክረው ነገር ቢኖር ይህ ነው። ሸራው ሌሊት ሌሊት ይገፈፋል፣ ጠዋት ተመልሶ ይታሰራል፣ ደግሞ ይገፈፋል። በፌብሩዋሪ 2018 ዳኛው አንሱት ብሎ አዘዘ። ነፋስ የያዘ ሸራ እንደ መርከብ ሸራ ነው፤ ገመዱ የነሐሱን ቆዳ እየፋቀ ይቆያል፣ ከሥሩም እርጥበት ይታፈናል።

አሁን የሚሠራበት ከ2020 ጁላይ ጀምሮ የጸናው ሕግ ነው። ከተማው በመጀመሪያ ሐሳቡን በጋዜጣ ያስነግራል፤ ቢያንስ 30 ቀን ጠብቆ ሕዝቡ ሐሳቡን የሚሰጥበት ስብሰባ ይጠራል፤ ከዚያ ድምፅ ይሰጣል። ማንሳት፣ ማዛወር፣ ማብራሪያ መጨመር ወይም መሸፈን ይችላል። ይነሳ ካለ ለተጨማሪ 30 ቀን ለሙዚየሞች፣ ለታሪክ ማኅበራት፣ ለመንግሥት አካላትና ለጦር ሜዳ ቅርሶች ያቀርባል፤ ማን ይውሰደው የሚለው የመጨረሻ ውሳኔ ግን የምክር ቤቱ ብቻ ነው። ሻርለትስቪል ጁን 7 ድምፅ ሰጠ፣ ጁላይ 8 ቀኑ ሞላ፣ ጁላይ 10 አነሳ። ከቀን መቁጠሪያው አንዲት ቀን ቢጎድል ለከሳሽ በር ይከፈት ነበር።

ኮንትራክተር ማግኘት ራሱ ፈተና ነው። ሪችመንድ ውስጥ ብዙዎቹ ፈርተው እምቢ አሉ። ሥራውን የያዘው ዴቨን ሄንሪ የተባለ ጥቁር ኮንትራክተር ጥይት የማይበሳው ሰደርያ ለብሶ ነው የሠራው፤ ዛቻውም አልቀረለትም። ስለዚህ ቀኑ እስኪደርስ የኮንትራክተሩ ስም አይነገርም፣ የመኪናዎቹ ምልክት ይሸፈናል፣ መንገዱም ከዋዜማው ይዘጋል።

ማንሳቱን ሰው ጉልበት ይመስለዋል። የነሐስ ሐውልት ውስጡ ክፍት ነው፤ የቆዳው ውፍረት ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 10 ሚሊሜትር ቢሆን ነው። ፈረሰኛ ከሆነ ክብደቱ ሁሉ በቀጫጭን እግሮች በኩል ይወርዳል፤ በሰኮናዎቹ ውስጥ ያለፉ የብረት ዘንጎች ደግሞ ድንጋዩ ውስጥ ተተክለው በእርሳስ ወይም በሲሚንቶ ተሞልተዋል። ብረትና ነሐስ ውሃ ባለበት ሲነካኩ የሚበላው ብረቱ ነው፤ ዝገቱ እያበጠ ድንጋዩን ይሰነጥቃል። ከመቶ ዓመት በኋላ ዘንጉ ምን ያህል እንደቀረ ከውጭ አይታይም፤ በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ ከቶ ማየት ያስፈልጋል።

ከማንሳቱ በፊት ዘንጎቹ በሰኮናው ሥር በመጋዝ ይቆረጣሉ። ማሰሪያው የጨርቅ ቀበቶ እንጂ ሰንሰለት መሆን የለበትም፤ ሰንሰለት ይፍቃል፣ ያጎደጉዳል። ቀበቶው በፈረሱ ሆድ ሥር ከፊትና ከኋላ ያልፋል እንጂ በአንገቱ ወይም በተነሳ እግሩ አይታሰርም። ክሬኑ ቀስ ብሎ ሲወጥር ኦፕሬተሩ ዓይኑን ከክብደት መለኪያው አይነቅልም፤ ሦስት ቶን ይሆናል የተባለው ሐውልት አራት ተኩል ካነበበ አንድ ዘንግ ገና ይዟል ማለት ነው። ያን ጊዜ ቆሞ ዳግመኛ መቁረጥ ነው። በጉልበት ቢሳብ ሰኮናው ተገንጥሎ ይቀራል፤ የተለቀቀው ደግሞ እየተወዛወዘ ሰው ላይ ይመጣል። የክሬኑ አቅምም ያታልላል፦ 50 ቶን የተባለው 50 ቶን የሚያነሳው ዕቃው ጎኑ ሲሆን ነው፤ ክንዱ 15 ሜትር ርቆ ሲዘረጋ አቅሙ በብዙ እጥፍ ይወርዳል። የክሬኑ እግር የሚያርፍበት መሬት ሥር የውሃ ወይም የጋዝ ቧንቧ መኖሩም አስቀድሞ ይጣራል።

ከዚያ መንገዱ አለ። የሪችመንዱ ሊ ቁመቱ 6.4 ሜትር፣ ክብደቱ 12 ቶን ያህል ነበር፤ በዚህ ቁመት ከድልድይ ሥር አያልፍም። ስለዚህ መሬት ላይ ካሳረፉት በኋላ ጄኔራሉን ከወገቡ ቆርጠው ለሁለት አደረጉት። ብዙ ሰው በቀል መሰለው። የአክሱም ሐውልትም በ2005 ከሮም ሲመለስ ሦስት ቦታ ተከፍሎ ነው በአውሮፕላን የመጣው።

መቆሚያውን ረስቶ ክሬኑን ማሰናበት የተለመደ ስህተት ነው። የሪችመንዱ የድንጋይ መቆሚያ ብቻውን 12 ሜትር ያህል ነበር። በ1887 የተቀበረ የመታሰቢያ ሣጥን እንዳለበት የድሮ ጋዜጣ ስለጻፈ ሐውልቱ በወረደ ማግስት ሠራተኞች የማዕዘኑን ድንጋዮች ቀኑን ሙሉ ቢያነሱም አላገኙትም። መቆሚያው ጠቅላላ ሲፈርስ ዲሴምበር ላይ በመጀመሪያ ያልተጠበቀ የእርሳስ ሣጥን፣ ከቀናት በኋላ ደግሞ የሚፈለገው የመዳብ ሣጥን ተገኘ። ውስጡ አለ ሲባል የኖረው፣ ፕሬዚዳንት ሊንከን በሬሣ ሣጥን ውስጥ ሳሉ የተነሳ ፎቶግራፍ ግን ከመጽሔት የተወሰደ ሥዕል ሆኖ ተገኘ።

አሁን ትልቁ ጥያቄ፦ ወዴት? ይነሳ ብሎ ድምፅ የሚሰጥ ምክር ቤት መድረሻውን ካልጻፈ ሐውልቱ የማዘጋጃ ቤት ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሶ ይተኛል፣ የኢንሹራንስና የጥበቃ ወጪ ይቆጥራል፣ ቀጣዩ ምክር ቤትም ሊመልሰው ይችላል። የአቡነ ጴጥሮስ ሐውልት በ2013 ለባቡሩ ሥራ ሲነሳ የሰው ሥጋት ይኸው ነበር፤ ቦታው የተለቀቀ ሐውልት ይመለሳል ብሎ ማን ያምናል? በኋላ ግን ተመለሰ።

ሻርለትስቪል የሁለት የደቡብ ጄኔራሎችን ሐውልቶች በአንድ ቀን አንስቶ ለሁለት የተለያየ ዕጣ ሰጣቸው። ሊን በዲሴምበር 2021 በአካባቢው ላለ የጥቁሮች ቅርስ ማዕከል ሰጠ፤ ማዕከሉም ቀልጦ አዲስ የሕዝብ ሥራ እንዲሆን አቀደ። ሐውልቱን ፈልገው ያላገኙ ሁለት ድርጅቶች ከሰሱ፤ ክሱ በ2023 ከተዘጋ በኋላ በኦክቶበር፣ ቦታው በምስጢር በተያዘ ማቅለጫ ውስጥ፣ ከ1,200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በጋለ ምድጃ ቀለጠ። ሙሉውን ምድጃ ውስጥ መክተት አይቻልም፤ በችቦ ይቆራረጣል፣ የሊ ፊትም ለብቻው ተቆርጦ ነው የገባው። የወጣው በጡብ ቅርጽ ፈሰሰ። ሌላው፣ የጄኔራል ጃክሰን ሐውልት፣ በ50,000 ዶላር ለሎስ አንጀለስ የሥነ ጥበብ ድርጅት ሄደ፤ ካራ ዎከር የተባለችው ሠዓሊ ፈረሱንና ፈረሰኛውን ቆራርጣ፣ ብልቶቹን አዘበራርቃ ገጥማ በ2025 ለእይታ አቀረበችው።