የደገኛው ታንኳ

የምሠራው ባሕር ዳር፣ አንዲት ትንሽ ማተሚያ ቤት ውስጥ ነው። አምና አንድ ደንበኛ ለወጣቶች የሚሆን የጠረጴዛ ጨዋታ አዘዘን። ገጸ ባሕርይ ትመርጣለህ፣ ታሪኩን እያወራህ ትጫወታለህ፣ ነገር ሲከብድ ዳይስ፣ ፊቶቹ ላይ ቁጥር ያለበትን መጫወቻ፣ ትጥላለህ። ደንቡን የመጻፍ ሥራ ለእኔ ደረሰኝ፤ ከቢሮው ዳንጅንስ ኤንድ ድራጎንስ የሚባለውን፣ የዚህ ዓይነቱን የታወቀ የውጭ ጨዋታ የማውቅ እኔ ብቻ ነኝ።

የለመድኩት እ.ኤ.አ. የ2014ቱን ሕግ ነው። እዚያ ነጥብ የሚሰጥህ ዘርህ ነው። ዘር የሚሉት የተረት ፍጥረታትን ነው፤ ድዋርፍ (ድንክ) ከሆንክ በሰውነት ጥንካሬ 2፣ ኤልፍ (ጆሮው የሾለ የጫካ ፍጥረት) ከሆንክ በቅልጥፍና 2 ይጨመርልሃል። 2 ነጥብ ባለ 20 ፊቱ ዳይስ ላይ በሚወጣልህ ቁጥር 1 ይጨምርልሃል፤ ከ100 የ5 ዕድል ማለት ነው። እኔም ገለበጥኩት። ለሐይቅ ሰው ቅልጥፍና፣ ለደጋ ሰው ጉልበት ሰጠሁ። ለማጣፈጫ ደግሞ «ደገኛ ውሃ ይፈራል» ብዬ ታንኳ ላይ 2 ቀነስኩበት። ጭራቁን እምቦጭ አልኩት። በእሱስ እስከ ዛሬ እኮራለሁ።

ሳንሞክረው 200 ቅጂ ታተመ።

ካርዱን ሲቆርጡ የነበሩት ጋሼ በምሳ ሰዓት አንዱን አንስተው አነበቡ።

«ይሄ 2 ሲቀነስ ምንድን ነው?»

«ደገኛ ስለሆነ ነው ጋሼ። ጨዋታ ነው።»

«እኔ ጋይንት ነው የተወለድኩት። ጎረምሳ ሆኜ እዚህ መጣሁ። ደንገል ማድረቁንም ማሰሩንም ተማርኩ። ከዘጌ እንጨት ጭኜ ስንት ዓመት ቀዘፍኩ! ታዲያ የእኔን 2 ማን ቀነሰው?»

ሳቅን። እኔ ግን ሳቄ ቶሎ ቆመ።

ማታ ሳነብ፣ ጨዋታውን የሚያሳትሙት ራሳቸው ቀድመውኛል። በ2020 ነጥቡን ወደፈለግክበት ማዛወር ፈቀዱ። በ2024 ጭራሽ ከዘር አንስተው ሰውየው ቀድሞ ይኖረው ለነበረው ሕይወትና ሥራ ሰጡት። «ዘር» የሚለውን ቃልም ተዉት። እኛ አገር ይህ ቃል እንዴት እንደሚከብድ ለእናንተ አልነግርም።

ነጥቦቹን ለቀዛፊ፣ ለገበሬና ለቡና ለቃሚ አከፋፈልኳቸው። ደገኛው ጋቢውን አልጣለም፤ ታንኳ ላይም ተከናንቦ ይቀመጣል። «ሁሉም እኩል ከሆነ ምን ልዩነት አለው?» ያለኝ ባልደረባ ነበር። ጋቢው አይበቃም እንዴ?

ኪሳራው ከደመወዜ አልተቆረጠም፤ አለቃዬ ግን ሳምንት ሙሉ አኩርፎኝ ነበር። የድሮዎቹን ካርዶች ጋሼ ቆራረጧቸው። የሻይ ዱቤ የምንጽፈው ጀርባቸው ላይ ነው።