ጎመኔን የበላው እንግዳ

ዛሬ ጠዋት ጓሮ ብቅ ስል ጎመኑ አገዳው ብቻ ቀርቷል። እዚህ አሜሪካ፣ ሜሪላንድ ጎመን የሚተክል ሐበሻ ይቺን የአጋዘን ሥራ ያውቃታል። የተረፈው ቅጠል ጫፉ ተቦጫጭቋል፤ አጋዘን ከላይ የፊት ጥርስ ስለሌለው እየጎተተ ነው የሚበጥሰው። ጥንቸል ብትሆን አቆራረጧ ልሙጥ ነበር።

ጎረቤታችን ጋሼ «ሽታው አጋዘኑን እንዲያርቅልሽ ሳሙና አንጠልጥይ» ይላሉ። ዝናብ ሲያጥበውስ? እኔ የማምነው በአጥር ነው፤ እሱም 2 ሜትር ተኩል ገደማ ካልሆነ ይዘሉታል።

ራኩን የሚባለው ትንሽ የሌሊት አውሬ ደግሞ ሌላ ጉድ ነው! አጥር ለሱ መሰላል ነው። በቆሎው እሸት ሊሆን ሲል በሌሊት መጥቶ፣ በእጁ ልጦ፣ ቀመስ አድርጎ ይጥለዋል። ለሱ የሚሻለው ከመሬት አንድ ስንዝር ከፍ ያለ የኤሌክትሪክ ሽቦ ነው።

በሶብላውንና ጤና አዳሙን ግን ማንም አልነካብኝም። ሽታው አልተመቻቸውም መሰለኝ።

ቅዳሜ አጥር ላቆም ነው። ጉድጓድ የሚቆፍርልኝ ካለ በክትፎ እከፍላለሁ 😄